መጽሐፍ ቅዱስን ከገጽ አንድ አትጀምሩ

ባለፈው መስከረም ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛ። ዚፕ ያለው፣ ጠርዙ ቀይ፣ ገና ወረቀቱ የሚሸት። «ዘንድሮ ከዳር እስከ ዳር እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ኅዳር ላይ አገኘሁትና «የት ደረስክ?» አልኩት። «ኧረ ተወኝ ጋሼ፣ ፍየሉ ጋ ቆሜያለሁ።»

ፍየሉ የዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ፍየል ነው። ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፣ አንዱ ይሠዋል፣ ሌላው ወደ ምድረ በዳ ይለቀቃል። ልጁ እዚያ ድረስ መድረሱ ራሱ ጉብዝና ነው። እኔ በሱ ዕድሜ የቆምኩት ከዚያ በፊት ነው፤ ዘጸአት ላይ ስለ ድንኳኑ መጋረጃና ስለ ሳንቃው ርዝመት በክንድ እየተለካ ሲነገር እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከዚያ መጽሐፉ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው። በጉጉት ይጀምራል፣ ዘፍጥረትን በደስታ ይጨርሳል፣ ዘጸአት እኩሌታ ላይ ይደክማል፣ ከዚያ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይዘጋዋል።

ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። የገባበት በር ነው።

እስቲ የኛን አገር የአብነት ትምህርት ቤት አስቡት። ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ የኔታ ኦሪትን አያስይዙትም። የሚሰጡት የዮሐንስን የመጀመሪያ መልእክት ነው። ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፣ ከዚያ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተ ሰቡ ይደግስለታል። የብሉይ ትርጓሜ የሚመጣው ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ብዙዎቹ ዜማውንም ቅኔውንም አልፈው ነው እዚያ ጉባኤ የሚቀመጡት። አባቶቻችን ከገጽ አንድ አልጀመሩም። እኛም ግዴታ የለብንም።

ይህ ጽሑፍ መጽሐፉን ከፍቶ ለማያውቅ፣ ወይም ከፍቶ ለተወ ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አንደኛ፦ የቱን ልግዛ?

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ስትገቡ ሻጩ «ሰማንያ አሐዱ ነው ወይስ ስድሳ ስድስት?» ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ትቆጥራለች፤ 46 ብሉይ፣ 35 ሐዲስ። ፕሮቴስታንቶች 66 ይቀበላሉ፤ 39 ብሉይና 27 ሐዲስ። ካቶሊኮች 73። ሐዲስ ኪዳን ውስጥ 27ቱ ለሁሉም አንድ ናቸው። የኛ 35 የሚሆነው እንደ ዲድስቅልያና ቀሌምንጦስ ያሉ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ስለሚቆጠሩ ነው። ብሉይ ላይ ደግሞ ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ መቃብያንና ሌሎችም ይጨመራሉ። (ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ላይ ስሙ ተጠርቶ ቃሉ ይጠቀሳል። ለማንኛውም እሱ በኋላ ይደረስበታል።)

ለመጀመሪያ ዓመት ሁለቱም ይሆናሉ። እዚህ የማሳያችሁ መጻሕፍት በሁለቱም ውስጥ አሉ።

ትልቁ ነገር ትርጉሙ ነው። በብዙ ቤት ያለው የ1954 ዓ.ም. የሚባለው ነው። አማርኛው ያምራል፣ ለጆሮ ይጥማል፣ አዛውንት በቃላቸው የሚጠቅሱት እሱን ነው። ግን አንዳንድ ቃሉ ለከተማ ልጅ ይከብዳል። «ጎበዝ» ሲል ወጣት ማለቱ ነው፣ ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣውን አይደለም። «ዛላ» ሲል የእህል ራስ ነው፤ የከተማ ልጅ ዛላን የሚያውቀው በርበሬ ላይ ብቻ ነው። ቀለል ያለ አማርኛ ከፈለጋችሁ አዲሱ መደበኛ ትርጉም አለ። ከቻላችሁ ሁለቱንም ያዙ፣ አንዱ ሲከብዳችሁ ሌላውን ትከፍታላችሁ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን እኔ የ1954ቱን እላለሁ፤ ምክንያቱም አያታችሁን ስትጠይቋቸው እሳቸውም የሚያውቁት እሱን ነው።

ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አንድ ፈተና አድርጉ። ማርቆስ 4ን አውጡና አሥር ቁጥር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ፊደሉ ደቅቆ ዓይናችሁን ካስጨፈናችሁ ተዉት። ሽፋኑን ማንም አያነበውም። ፊደሉን ግን በሻማም ልታነቡት ነው፣ መብራት እንደሁ ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው የኛው የጎጃም ሰው ነው። አቡ ሩሚ ይባላል። ካይሮ ተቀምጦ፣ ከአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ጋር አሥር ዓመት ያህል ሠራበት። ሥራው ሳይታተም ነው እሱ የሞተው። አራቱ ወንጌላት የታተሙት በ1824፣ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ለመኩራት ብቻ አይደለም ያነሳሁት። አሥር ዓመት የፈጀበትን ሥራ በሁለት ወር ለመጨረስ አትሩጡ ለማለት ነው።

ሁለተኛ፦ አድራሻ ማንበብ ተማሩ

ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «ማር. 4፥3» ማለት የማርቆስ ወንጌል፣ ምዕራፍ አራት፣ ቁጥር ሦስት ነው። «1ቆሮ.» አንደኛ ቆሮንቶስ። «ዘፍ.» ዘፍጥረት። በግእዝ ቁጥር የታተመ ከገዛችሁ ከ፩ እስከ ፲ ያሉትን እንደገና አጥኑ፤ ረስታችኋቸው ይሆናል፣ አታፍሩ።

ምዕራፍና ቁጥር ጸሐፊዎቹ ያስቀመጡት አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለፍለጋ እንዲመች የገባ ነው። ስለዚህ ምዕራፍ አለቀ ማለት ታሪኩ አለቀ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ወሬው መሀል ላይ ይቆረጣል፣ ቀጥሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልንገራችሁ። መዝሙረ ዳዊት ላይ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በ1954ቱ ትርጉም መዝሙር 23 ነው። የአያታችሁን የግእዝ ዳዊት ብትከፍቱ ግን 22 ላይ ታገኙታላችሁ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውም በአንዱ 68፣ በአንዱ 67 ነው። ማንም አልተሳሳተም። የግእዙ ዳዊት የግሪኩን አቆጣጠር ይከተላል፣ ሌላው የዕብራይስጡን። አብዛኛው መዝሙር በአንድ ቁጥር ይለያያል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንድ አዛውንት ዲያቆን ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክሬያለሁ፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ሦስተኛ፦ በማርቆስ ጀምሩ

ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ማርቆስ ነው። 16 ምዕራፍ። ማቴዎስ 28፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21 ናቸው። ማርቆስ ወሬ አያበዛም። ልደቱን አይተርክም፣ የትውልድ ሐረግ አይቆጥርም፣ በቀጥታ ዮርዳኖስ ወንዝ ይወስዳችኋል። «ወዲያውም» የሚለው ቃል በየገጹ ነው፤ ጌታ ወዲያው ተነሣ፣ ወዲያው ሄደ፣ ወዲያው ፈወሰ። ትንፋሽ አይሰጣችሁም። ለአዲስ አንባቢ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ትንሽ አድልዎ ያለበት። ከተማችን በስሙ ነው የምትጠራው። ድሮ መንቆረር ነበረች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ አሏት። ሚያዝያ 30 ሲነግሥ ታቦቱን አጅበን እልል እንላለን፣ ግን የጻፈውን 16 ምዕራፍ አንብበን የጨረስን ስንት ነን? ማርቆስ በግብፅ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን መሥራች ነው፤ የኛም ቤተ ክርስቲያን የራሷን ሊቀ ጳጳስ እስክታገኝ ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ይላክላት የነበረው ከዚያ ነው። እንግዲህ ከቤት ሰው መጀመር ምን ነውር አለው?

ልኩ በቀን አንድ ምዕራፍ። በ16 ቀን ያልቃል። ሰዓቱን ግን ቁረጡ፣ «ሲመቸኝ» ማለት አይሠራም። ማለዳ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ወይም ማታ ከራት በኋላ። የቀረባችሁ ቀን ካለ ለማካካስ ሦስት ምዕራፍ አትጋቱ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ፣ በቃ።

አራተኛ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዴት ይነበባል የሚለው ነው። እኔ የቡና ዘዴ እለዋለሁ። አንድ ክፍል ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ በየስኒው አንድ ጊዜ። ቡና ባትጠጡም ይሠራል።

ማርቆስ 4 ከቁጥር 1 እስከ 20ን እንውሰድ። የዘሪው ምሳሌ።

*አቦል።* ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ድምፅ ማውጣት የግድ ነው፤ ይህ መጽሐፍ ሲጻፍ ብዙው ሰው የሚሰማው ሌላ ሲያነብለት ነበር። የኛም የንባብ ቤት ልጆች በጩኸት ነው የሚያነቡት፣ ሰፈሩን እስኪያስነሡ። በዚህ ዙር ትርጉም አትፈልጉ። የሆነውን ብቻ ያዙ። ማን ይናገራል? ኢየሱስ። የት ሆኖ? ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ ሕዝቡ ዳር ላይ ቆሞ። ምን አለ? አንድ ዘሪ ሊዘራ ወጣ። ዘሩ አራት ቦታ ወደቀ፤ መንገድ ዳር፣ ጭንጫ ላይ፣ እሾህ መካከል፣ መልካም መሬት ላይ።

የጎጃም ሰው እዚህ ዕድለኛ ነው። ሐምሌ ላይ ገበሬ ጤፍ ሲበትን ያየ ሰው ለምን ዘሩ መንገድ ላይ እንደሚወድቅ ማብራሪያ አይፈልግም። እጅ ሲወረወር ዘሩ ድንበር አያውቅም። ጭንጫ ምን እንደሆነም ታውቃላችሁ፣ ከላይ ስስ አፈር፣ ከሥር ድንጋይ። ገጠር ላለ አጎቴ ይህን አንብቤለት «አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ስድሳ፣ አንዱ መቶ አፈራ» ላይ ስደርስ አቋረጠኝ። «መቶ? ያ መሬት የት ነው? ዛሬውኑ ልከራየው!» ሳቅን። በኋላ ግን ገባኝ። ያኔ ዳሩ ላይ ቆመው የሰሙትም ገበሬዎች ናቸው፣ እነሱም መቶ ሲባል ሳይገርማቸው አይቀርም። አጎቴ ከብዙ ሰባኪ የተሻለ ሰማው።

*ቶና።* አሁን ጥያቄ ጠይቁ። ደብተር ይኑራችሁ። የሚደጋገመውን ፈልጉ፣ የሚለያየውን ፈልጉ። አራቱም ቦታ ላይ ያልተለወጠው ምንድን ነው? ዘሩ። ዘሪውም አንድ ነው። የተለያየው መሬቱ ነው። እያንዳንዱ ዘር ስንት ጊዜ ቆየ? የመንገዱን ወፎች ወዲያው ለቀሙት። የጭንጫው ቶሎ በቀለ፣ ፀሐይ ሲወጣ ጠወለገ። የእሾሁ አደገ፣ ግን ታነቀና ፍሬ አልሰጠም። ቀስ እያለ የሚዘገይ ጥፋት ነው። ይህን በአንድ ንባብ አታዩትም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ይባላል፣ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ቅኔ የሰማ ሰው ደግሞ ሰምና ወርቅን ያውቃል። እዚህም ያው ነው። ሰሙን ሳትይዙ ወደ ወርቁ አትሩጡ። ብዙ ሰው እርሻውን ሳያይ «እሾህ ማለት እንትን ነው» ይላል፣ ከዚያ የሚያወጣው ወርቅ የራሱ ኪስ ውስጥ የነበረ ሳንቲም ይሆናል።

*በረካ።* ይህ ምሳሌ ትርጉሙን ራሱ ይዞ ነው የመጣው፣ ከቁጥር 13 ጀምሮ። ዘሩ ቃሉ ነው። እሾሁ የኑሮ ሐሳብና የሀብት ማታለል ነው። ሦስተኛውን ዙር ስታነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ ጻፉ፦ እኔ የትኛው ነኝ? መልሱን ለማንም አታሳዩ። የባጃጁ ልጅ «ጋሼ እኔ ሰኞ ጭንጫ ነኝ፣ እሑድ መልካም መሬት» ብሎኛል። ይህም መልስ ነው።

ሁሉንም ምዕራፍ እንዲህ ልታነቡ አትችሉም፣ ጊዜ የለም። በሳምንት አንድ ክፍል በሦስት ስኒ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ማንበብ ይበቃል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን ከ26 እስከ 29 ያለችውን ትንሽ ምሳሌ እንዳትዘሏት። ሰውዬው ዘርቶ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ አያውቅም፣ ምድር ራሷ ቡቃያ ከዚያ ዛላ ታወጣለች። ማርቆስ ብቻ ነው የጻፋት። ሌሎቹ ሦስት ወንጌላት ውስጥ የለችም።

አምስተኛ፦ ሰዓቱ የኛ ነው፣ ገንዘቡ ግን አይደለም

አንድ ደስ የሚል ነገር። ማርቆስ 15 ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ይላል። ፈረንጅ ይህን ሲያነብ ማስላት አለበት። እኛ የለብንም። ያኔ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓትም የኛው ዘጠኝ ሰዓት። የስቅለት ዕለት ስትሰግዱ የምትጠብቁት ሰዓት ነው።

ገንዘቡ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው፣ ማቴዎስ 20 ላይ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ማርቆስ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ «የሁለት መቶ ዲናር እንጀራ እንግዛን?» ሲሉ በከተማችሁ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን በሁለት መቶ አባዙት። ያኔ ድንጋጤያቸው ይገባችኋል።

«ታንኳ» ሲል ደግሞ የጣናን የደንገል ታንኳ አትሳሉ። የነሱ የእንጨት ጀልባ ነበር፣ ብዙ ሰው የሚይዝ። «የገሊላ ባሕር» የተባለውም ሐይቅ ነው፤ ጣና በስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ማዕበሉ ግን ማዕበል ነው። ባሕር ዳር ሆኖ ከሰዓት በኋላ ጣና ሲናወጥ ያየ ሰው፣ ጌታ በጀልባዋ ኋላ ትራስ ተንተርሶ መተኛቱን ሲያነብ መገረሙ አይቀርም።

ስድስተኛ፦ ሲጨንቃችሁ ሰው ፈልጉ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አንድ የኛ ሰው አለ። የኢትዮጵያ ንግሥት ባለሟል፣ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ይጠይቀዋል። የመለሰለት፦ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ባለሥልጣን ነው፣ የተማረ ነው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዟል፣ እና አልገባኝም ለማለት አላፈረም። ከዚያ ፊልጶስን ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

ስለዚህ ሰው ፈልጉ። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን መምህር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ወይም ሰፈራችሁ ያሉትን የኔታ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሙዝና ብርቱካን ማለቴ አይደለም፣ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «መጽሐፍ ቅዱስ አልገባኝም» ካላችኋቸው ምን ብለው ይመልሱላችሁ? «የኔታ፣ ማርቆስ 11፥13 ላይ የበለስ ወራት ካልሆነ ጌታ ዛፊቱን ለምን ረገማት?» ካላችኋቸው ግን ወንበር ይስቡላችኋል።

ይህ የኔው ጥያቄ ነበር። የኔታ መልስ አልሰጡኝም። «ከረገማት በኋላ የት ሄደ?» አሉኝ።
«ቤተ መቅደስ፣ የኔታ።»
«እዚያ ምን አደረገ?»
«ሻጮቹን አስወጣ።»
«ከዚያስ?»
«በነጋታው ሲመለሱ በለሲቱ ከሥሯ ደርቃ አገኟት።»
«እና መካከል ያለውን ምን አደረግኸው? ዘለልከው?»

ዘልዬው ነበር። ማርቆስ አንዱን ታሪክ ከፍሎ ሌላውን መሀሉ ያስገባዋል፣ ሁለቱ እንዲተያዩ። ቅጠል ብቻ ያላት ዛፍና ጸሎት የሌለበት ቤተ መቅደስ። ምዕራፍ 5 ላይም የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ ከፍሎ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት መሀል ያስገባል። ልጅቱም ዕድሜዋ 12 ነው። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ማርቆስን እንደ ድሮው አታነቡትም። (በለስ ሲባል ቁልቋሉ ላይ የሚለቀመውን እንዳታስቡ። የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ የኛ ሾላና ዋርካ ዘመድ ነው።)

የኔታ ስትጠይቋቸው «አንድም» እያሉ ሁለት ሦስት ትርጉም ሊደረድሩላችሁ ይችላሉ። ግራ አትጋቡ። የአንድምታ ትርጓሜ ባሕርይው እንዲህ ነው፤ አንዱን ቃል በዚህም በዚያም በኩል ያየዋል። ሁሉንም ጻፉት።

ሰባተኛ፦ ከማርቆስ በኋላስ?

እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው። ሉቃስ፣ ከዚያ የሐዋርያት ሥራ። ሁለቱን የጻፈው አንድ ሰው ነው፣ ሁለቱንም ለቴዎፍሎስ ነው የላከው፣ ስለዚህ እንደ አንድ መጽሐፍ ክፍል አንድና ሁለት ይነበባሉ። ቀጥሎ አንደኛ ዮሐንስ፣ አምስት ምዕራፍ ብቻ፣ የንባብ ቤት ልጆች የጀመሩበት። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ።

ጎን ለጎን በየቀኑ ከዳዊት አንድ መዝሙር። ቤታችሁ ዳዊት የሚደግም ሰው ካለ በቀን በቀን እንደተከፋፈለ ታያላችሁ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ይሄዳል። እናንተ ግን አንድ ትበቃችኋለች። 119ኛው (በግእዙ 118ኛው) 176 ቁጥር አለው፣ እሱን ለአሥር ቀን ከፋፍሉት።

ብሉይን በአጫጭሮቹ ግቡበት። ሩት አራት ምዕራፍ ናት። ሩት በገብስ መከር ሰው እርሻ ላይ ቃርሚያ ትለቅማለች። ቃርሚያ! ጮቄ ሥር ላደገ ሰው ከዚህ የቀረበ ታሪክ አለ? ዮናስም አራት ምዕራፍ ነው፣ በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ውስጥ ያልቃል። መጨረሻው በጥያቄ ነው የሚዘጋው፤ መልሱን መጽሐፉ አይነግራችሁም።

ከዚያ ዘፍጥረትን ሙሉውን። ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ከኤደን ከሚወጡት አራት ወንዞች ሁለተኛው ግዮን ነው፣ የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል ይላል። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የተሳለመ ሰው ለዚህ ቁጥር አስረጂ አያስፈልገውም። ዕብራይስጡ ላይ «ኩሽ» ነው የሚለው፣ ግሪኩ «ኢትዮጵያ» ብሎ ተረጎመው፣ የኛም በዚያው ሄደ። ዘጸአትን እስከ ምዕራፍ 20፣ እስከ አሥርቱ ትእዛዛት አንብቡና ለጊዜው ቁሙ። ፍየሉ የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል። ወንጌሉን ካወቃችሁ በኋላ ስትመለሱ ዘሌዋውያን ራሱ ሌላ መጽሐፍ ይመስላችኋል።

ራእየ ዮሐንስን መጨረሻ ላይ። አውሬው፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ምስሎቹ ከሕዝቅኤል፣ ከዳንኤል፣ ከዘካርያስ የተቀዱ ናቸው። እነሱን ሳታነቡ ከገባችሁ የቴሌግራም ትንቢት ተንታኝ ነው የሚጫወትባችሁ።

ስምንተኛ፦ የባጃጅ ጥቅስ

ከተማችን ውስጥ ከባጃጅ ጀርባ ላይ ብዙ ጥቅስ ተለጥፏል፣ የወዳጄም ባጃጅ ላይ አለ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ»፣ ኤርምያስ 29፥11። ደስ ይላል። «አንድ ቁጥር ወደ ላይ አንብብ» አልኩት። ቁጥር 10 ላይ ለባቢሎን 70 ዓመት ሲፈጸም ይላል። መልእክቱ የተላከው ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው። ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ቶሎ አትመለሱም እያላቸው ነው። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ልላጠው?» አለኝ። ለምን ይላጣል? እንዲያውም አሁን ከበደ። ከ70 ዓመት ጋር ሲነበብ ተስፋው ሌላ ክብደት አለው።

ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ጥቅስ ስታገኙ ከላይ አሥር፣ ከታች አሥር ቁጥር አንብቡ። ፌስቡክ ላይ ስታጋሩ ከሆነ ደግሞ ሃያ።

ስልክ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አፕ ጫኑ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን። ቃል ለመፈለግ ስልክ አቻ የለውም። ለንባብ ግን እኔ ወረቀቱን እላለሁ፤ ስልኩ ላይ ማርቆስ 3 ስትደርሱ ቲክቶክ ይጠራችኋል። በመጽሐፉ ዳርቻ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አይጻፍም» የሚሏችሁ አሉ፣ ካስከፋቸው ደብተር ላይ ጻፉ፣ ጠብ አያስፈልግም።

ክርክር ላይም ቸኩላችሁ አትግቡ። አንድ ወንጌል ያነበበ ሰው ምላሱ ይፈጥናል። እኔ ከዘመድ ተቆራርጬበታለሁ፣ በፋሲካ ነው የታረቅነው።

የባጃጁ ልጅ ጥር ላይ በማርቆስ ጀመረ። ባለፈው ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለ። ደነገጥኩ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ።

«ጋሼ፣ ምዕራፍ 14፣ 51 ላይ፣ ጌታን ሲይዙት ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን የሮጠው ልጅ ማነው?»

ራሱ ማርቆስ ነው የሚሉ አሉ። አልነገርኩትም። «ነገ ቅዳሴ ሲወጣ የኔታን ጠይቃቸው» አልኩና ዘጋሁ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደወለ። «ቁጥሩን የት ልጻፈው፣ ደብተሬ ባጃጁ ውስጥ ነው።»

«እጅህ ላይ ጻፈው።»